መንቀጥቀጡ እስከ ባሕር ዳር ተከተለኝ

በሽታዬ ስም አልነበረውም፤ ስለዚህ ያገኘኝ ሁሉ ስም አወጣለት። ወባ ተባለ፤ ጨጓራ ተባለ፤ ደም ማነስ ተባለ፤ ዛር ተባለ። አንድ ጎረቤታችንማ የውጭ አገር ምግብ ነው ብሎ ደመደመ። ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት ሄዶ «ምንም የለብህም» ተብሎ ሲመለስ መሬቱ ከእግሩ ሥር ለሚዋልልበት ሰው ነው። መድኃኒት አዋቂ አይደለሁም። ያለፍሁበትን ግን አውቃለሁ፤ ማውራቱ ቢያደክመኝም ልንገራችሁ።

ስሜ ዘሐራ ነው። የተወለድሁት ወረታ፣ ከነጋዴ ቤት ነው። አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ጨርቅ እንድለካለት ይፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ጨርቁን መሥራት ይሻላል ብዬ ባሕር ዳር መጣሁና ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ተቀጠርሁ። ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ማሽኖቹ ሲነሡ ወለሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ሰሞን ጥርስ ያንገጫግጫል። ከዚያ ሰውነት ይለምደውና ሰው የሚደነግጠው ወለሉ ጸጥ ሲል ይሆናል። ጩኸቱ ስለማያሰማ የምንግባባው በከንፈርና በእጅ ነበር። ከጎኔ ያለውን ማሽን የምትይዘው ማንጠግቦሽ ነበረች፤ የዓባይ ማዶ ልጅ፣ የእትዬ የሻረግ አንድ ልጅ። እሷ በከንፈሯ አለቃችንን ስታማ እኔ ሳቄን እይዛለሁ ስል ክሩ ይበጠስብኝ ነበር።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሁለታችንም ለማሽን ጥገና ሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላክን። የደረሰን አርመን ሪፐብሊክ ነው፤ ተራራ የከበበው፣ እንደኛው ጨርቅ የሚሠራ ከተማ። በመከራ ሩሲያኛ ተምረን ብንሄድ የከተማው ሰው እርስ በርሱ የሚያወራው በአርመንኛ ሆኖ አገኘነው። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። ገበያ ስንወጣ ሴቶቹ ፀጉራችንን እየዳሰሱ «ቆንጆ፣ ቆንጆ» ይሉናል። ማንጠግቦሽ ታዲያ «ለፋሲካ ልሸጥ የወጣሁ በግ መሰልሁ እኮ» ትላለች። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርበን፣ ያለንን ሁሉ ለብሰን ነበር የምንተኛው።

ዓመቱ ተለውጦ ኅዳር መገባደጃ ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ማሠልጠኛው ፎቅ ላይ ትምህርት ላይ ነበርን። ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአገሩ ልጆች ብድግ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሲሮጡ እኛ ሁለታችን ተቀምጠን ቀረን። ምን ያስነሣናል? ወለል ሲንቀጠቀጥ መዋል ለእኛ እንጀራችን ነው። ፋብሪካው ደግሞ ከጎናችን ነበር። ማንጠግቦሽ እንደ ልማዷ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ «ማሽን አስነሡ» አለችኝ። ፈገግ እንዳለች ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅሁላት። ከዚያ ግድግዳው ተከፈተ፤ ሰማይ አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ ምንም አላየሁም።

ስነቃ ጨለማና አቧራ ነው። አንድ እግሬ ተይዟል። አፌ ውስጥ ኖራ ሞልቷል።

«ዘሐራ፣ አለሽ?»

«አለሁ። አንቺስ?»

«አለሁ መሰለኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ።»

እጄን ብዘረጋም አልደረስሁባትም። ድምፅዋ ግን ከጆሮዬ ሥር ነበር። ብርድ ስለነበር ስለ ሙቀት አወራን፤ ስለ ባሕር ዳር ግንቦት፣ ጣና ዳር ባለው ዋርካ ሥር ስለሚገኘው ነፋሻ ቦታ። እሷ እመቤቴን ትጠራለች፤ እኔ አላህን እለምናለሁ። አንዳችን ሲደክመን ሌላችን እንቀጥላለን። «እማዬ ይኼኔ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች» አለችኝ። ቆይቼ ስጠራት አልመለሰችም። ደግሜ ጠራኋት። ተኝታ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርሁ፤ ግን አውቄው ነበር።

ከላይ የሚቆፍሩት ሰዎች በየመካከሉ ማሽናቸውን አጥፍተው ጸጥ ይላሉ፤ አንድ ሰው ይጣራል፤ መልስ ይጠብቃሉ። ያ የተማርሁት ሩሲያኛ ሁሉ ድራሹ ጠፋ። «አለሁ! ኧረ እዚህ ነኝ! ወገን!» እያልሁ በአማርኛ ጮኽሁ። በኋላ እንደነገሩኝ ቆፋሪዎቹ የሰሙት ምን ቋንቋ እንደሆነ ስላላወቁ አእምሮው የተነካ ሰው መስሏቸው ነበር። ቢሆንም ቆፈሩ። ሲያወጡኝ አንዲት አሮጊት ትከሻዋ ላይ የነበረውን የሱፍ ሻርፕ አውልቃ ጠቀለለችኝና ወደ ፍርስራሹ ተመለሰች። የራሷ ሰው እዚያ ውስጥ ነበር። ስሟን አልጠየቅኋት፤ በምን ቋንቋ ልጠይቃት?

ዋና ከተማው ወስደው ሆስፒታል አስተኝተው እግሬን አዳኑልኝ። ከኤምባሲ የመጣ አንድ ጓድ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ የማንጠግቦሽን ነገር አረጋገጠልኝ። ቀጥሎም «ለቤተሰቧ መርዶው በሚመለከተው አካል በኩል በሥርዓቱ ይነገራል። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። እሺ አልሁ። ማን እምቢ ይላል? መርዶ እንዲያው በአፍ የሚለቀቅ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ዘመድ ይጠራል፤ በማለዳ ተሂዶ ይነገራል። እኔም እዚያ አልጋ ላይ አላለቀስሁም። አልቅሼ አገሬ ብገባ ፊቴ ይናገራል ብዬ ፈራሁ።

በሚያዝያ ባሕር ዳር ገባሁ። ያረፍሁት ገበያው አጠገብ፣ ወንድሜ አሕመድ ቤት ነው። ሰው ሁሉ አቀፈኝ፤ ሳመኝ፤ አልሐምዱ ሊላህ አለ። ስለ ማንጠግቦሽ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እንግዲያው መርዶው ገና ነው ብዬ እኔም አፌን ያዝሁ።

በሽታው የጀመረኝ ምሳ ላይ ነው። ከወንድሜና ከሚስቱ ከራሕመት ጋር ተቀምጠን እየበላን ወለሉ ወዘወዘኝ። ሰሐኑን ጥዬ ወደ ግቢ ሮጥሁ። ዞር ብዬ ሳይ እነሱ በጉርሻቸው መሀል አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ እንኳ አልተነቃነቀም። ከዚያን ቀን ወዲያ ጣሪያ ሥር መቀመጥ አቃተኝ። ልቤ ይመታል፤ እጄ ያልበኛል፤ መሬቱ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ማታ ማታ ሌላው ሲተኛ እኔ ግቢ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ምንጣፍ ዘርግቼ ቆርቆሮውን ስጠብቅ አድራለሁ። መቼ እንደሚወድቅ ለማየት ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ወባ ነው» አለና ክሎሮኪን ሰጠኝ። መራራውን ዋጥሁ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ መሬቱ ግን አልቆመም። ደጅ ሳድር ትንኝ ስትግጠኝ ከርማ ኖሮ በኋላ የእውነት ወባ ያዘኝ። ሐኪሙ ደስታውን አልቻለውም፤ «አላልሁሽም?» አለኝ። ሌላው ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። ሌላዋ የዐይኔን ቆብ ገልብጣ አየችና «ደም የለሽም፣ ጉበት ብዪ» አለች። አንዲት ጎረቤት ለራሕመት ዛር እንደሆነ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። አባቴ ከወረታ ሼኽ ይዞ መጣ። ሼኹ ቁርኣን ቀርተው ዱዓ ካደረጉልኝ በኋላ «ልጄ፣ ያጎሳቆለሽ ነገር አለ፤ ለአላህም ቢሆን ንገሪው» አሉኝ። ያን ቀን ልናገር ምንም አልቀረኝ።

ቤቱ በእኔ ምክንያት ተሰላቸ። አልፈርድም። ራሕመት አንድ ቀን ለአሕመድ «እንግዳቸውን ደጅ ያሳድራሉ እየተባልን ነው፤ ወላሂ መውጫ አጣሁ» ስትለው ሰማሁ። አሕመድ እኔ ላይ ጮኸብኝ፤ «ይኸው ቤቱ! ይኸው ቆሟል! ምን ሆነሻል አንቺ?» እያለ ግድግዳውን በቡጢ ይደበድባል። ከዚያ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ደረቅ ዐይኔን ይዤ ማንጎው ሥር ሆኜ አየዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው የእትዬ የሻረግ ነገር ነበር። ድልድዩን ተሻግረው፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ በቅል እርጎ ይዘው ይመጣሉ። ንጹሕ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ግንባራቸው ድረስ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሻሽ።

«ዘሐራዬ፣ የኔ እናት፣ ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?»

«ደኅና ነኝ እትዬ። እርስዎ እንዴት ዋሉ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው። ጠጪ፣ የዛሬው እርጎ ግሩም ነው።»

ስለ ላማቸው ያወራሉ፤ ስለ ጎረቤት ጠብ ያወራሉ። ስለ ልጃቸው ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም። ለመጠየቅ ፈርተው ነው እያልሁ እሳቀቃለሁ። እሳቸው በመጡ ቀን መሬቱ እጥፍ ሆኖ ይወዛወዝብኛል።

በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ጊዜው ጦርነት ነው፤ አግዳሚውም ኮሪደሩም በቁስለኛ ወታደር ተሞልቷል። እግሩ የተቆረጠ ልጅ አጠገብ ተቀምጬ «መሬት ይወዘውዘኛል» ልል መምጣቴ አሳፈረኝ። ልጁ ግን ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና «አንቺ ደግሞ የት ቆስለሽ ነው?» አለኝ። «አይታይም» አልሁት። «እሱ ይብሳል» አለኝ።

ዶክተሩ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር፤ ግን አዳመጠኝ። «ጆሮሽ ውስጥ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ» አለኝ። «መሬቱ ቆሟል፤ እሱ ግን መቆሙን ገና አላመነም። ልብሽም አላመነም። የሁለቱም መድኃኒት ቀስ ብሎ ማስለመድ ነው።» ዐይኔን አንድ ነገር ላይ ተክዬ ራሴን ግራና ቀኝ ማዞር አስተማረኝ። በየቀኑ መራመድ፣ ቤትም ጥቂት በጥቂት እየገቡ መቀመጥ ነው አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ያን ቀን ከማን ጋር ነበርሽ?» አለኝ።

አፌን ስከፍት ራሕመት ቀደመችኝ፤ «ዶክተር፣ እሱ ይቅርብዎት። ድንጋጤ አይሆናትም ተብለናል።»

ዶክተሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። ራሕመት ይህን ያለችው ያን ቀን አስታውሼ እንዳልረበሽ ፈርታ ነው ብዬ አሰብሁ። እንቅስቃሴውን ሠራሁ፤ ተራመድሁ፤ ትንሽ ተሻለኝ። እትዬ የሻረግ ሲመጡ ግን ሁሉም እንዳልነበር ይሆናል። ከዚህ በኋላ ነው የወሰንሁት። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ ያውም ሴት፤ ያውም እስላም ሆና ለክርስቲያን እናት። እያወቅሁት ወሰንሁ። እናት እየጠበቀች እርጎዋን መጠጣት ከዚህ በላይ አልቻልሁም።

ራሕመት ገበያ በወጣችበት አንድ ማለዳ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። የሰኔ ደመና ጣና ላይ ተጭኗል። እስከ ድልድዩ በደኅና ደረስሁ። ድልድዩ ላይ ግን ወታደር የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ገቡና ብረቱ ተርገፈገፈ፤ ይኼኛው መንቀጥቀጥ የእውነት ነበር። ድጋፉን አቅፌ ቀረሁ። ከሥሬ ዓባይ ይፈሳል።

«አንቺ ሴትዮ! ድልድይ ላይ መቆም ክልክል ነው! እለፊ!» አለ ጠባቂው።

«አልቻልሁም ወንድሜ። አሞኝ ነው።»

«ክልክል ነው እያልሁሽ!» ጠመንጃውን አንግቦ እየተቆጣ መጣ። ፊቴን ሲያየው ቁጣው በረደ። «በይ ውኃውን አትዪ። ጫማዬን፣ ጫማዬን እያየሽ ተከተዪኝ።» የተሸረፈ ተረከዙን እያየሁ ተሻገርሁ። ማዶ ስንደርስ «ሁለተኛ እንዳትቆሚ!» ብሎ ተቆጥቶኝ ተመለሰ። አላህ ይስጠው።

የእትዬ የሻረግ ግቢ በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። አጥሩ ላይ ነጩ ቀሚስ፣ ነጩ ነጠላና ሻሹ ታጥበው ተሰጥተዋል። እሳቸው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ራሳቸው ተላጭቷል።

ሲያዩኝ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። የሚሸፍኑበት ነገር አልነበረም።

«ወይኔ ጉዴ! ዘሐራ! ማን አመጣሽ?»

«እትዬ... መርዶውን ሰምተዋል?»

«አንቺስ? አንቺን ማን ነገረሽ?»

«እኔማ እዚያው ነበርሁ እኮ። ከአጠገቤ ነው ያረፈችው።»

ቆመው አዩኝ። «አታውቅም አሉን እኮ፣ መርዶውን ያመጡት ሰዎች» አሉ በቀስታ። «ማንጠግቦሽ ሌላ ሆስፒታል ተኝታለች ነው የሚመስላት፣ ከሰማች ትሞታለች አሉን። እኔን በጥር ነው ያረዱኝ። አንቺ ስትመጪ ልይሽ ብል፣ በጥቁር ሄደሽማ ገደልሻት አሉኝ። ልብስ እየለወጥሁ መጣሁ። አንቺን ማየት አማረኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እኔ ደግሞ እርስዎ አያውቁም ብዬ...»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረስሁትም። እሳቸውም አልጠበቁኝም። እዚያው ጭቃው ላይ ተያይዘን ተቀመጥንና አለቀስን። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝሁት ጩኸት ወጣ። ጎረቤቶች ሮጠው መጡ። አንዷ «ኧረ እትዬ፣ የታመመች ልጅ ናት፣ ይተዋት» ስትል እትዬ የሻረግ በጥቁር ነጠላቸው ሸፈኑኝና «ተዉን! የሷስ እህት አይደለችም? ይውጣላት!» አሏት። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንድ ባንድ መጥተው ከበቡንና አብረውን አለቀሱ። በጥር የተለቀሰው ለቅሶ ለእኔ እንደገና ተለቀሰልኝ።

ሲበርድልን እትዬ የሻረግ አገጬን ይዘው ጠየቁኝ፤

«ብቻዋን ነበረች?»

«አልነበረችም። ስናወራ ነበር። እኔ አለሁ ስላት ነበር።»

«ምን አለች?»

«እማዬ ይኼኔ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች አለች።»

«የገና ጾም ነበር» አሉ። «እውነቷን ነው። ጎመን ነው የምሠራው።» ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጥቶ ሄደ።

ዝናቡ ወረደና ሴቶቹ ደግፈው አስገቡን። እኔ አላስተዋልሁም። ወሬያችን አላለቀም ነበር። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ነው ጣሪያ ሥር መሆኔን ያወቅሁት። ልቤ ዘለለ። ልነሣ አልሁ። ግን ራሴ እትዬ የሻረግ ጭን ላይ ነበር፤ እጃቸው ፀጉሬ ውስጥ ነበር፤ እሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ተኛሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ጣሪያው አልወደቀም።

በአንድ ቀን ዳንሁ ብላችሁ እንዳትወስዱት። ያን ማታ ተመልሼ ማንጎው ሥር ነው ያደርሁት። ራሕመት ሁሉን ስትሰማ «እኔ እኮ አንቺን ላድን ብዬ ነው» ብላ ከእኔ በላይ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲያ ምንጣፏን አምጥታ አብራኝ ደጅ ታድር ጀመር። ክረምቱ ሲከፋ ሁለታችንም በረንዳ ገባን። ቀጥሎ በሩ ሥር፣ በሩ ተከፍቶ። ቀጥሎ በሩ ተዘግቶ። የዶክተሩን እንቅስቃሴ አንድም ቀን አላቋረጥሁም። ፋብሪካ የተመለስሁት መስከረም ጠብቶ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራ ጨርቅ ወደሚመረመርበት ጸጥተኛ ክፍል፣ ቆይቶ ወደ ሽመና። የመጀመሪያ ቀን ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ሮጬ ወጣሁ፤ ማንም አልሳቀብኝም። በማግስቱ ገባሁ።

እናንተ የምታስታምሙ፣ ሐዘንን ከበሽተኛ አትደብቁ። በደግነት እንደምታደርጉት አውቃለሁ። በሽተኛው ግን ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ እናንተን ላለማሳዘን ሲጠነቀቅ ነው የሚያልቀው። እናንተም የታመማችሁ፣ መሬቱ የሚቆመው ቀስ ብሎ ነው። ትደክማላችሁ። እኔም ደክሞኝ ነበር።

እትዬ የሻረግ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ብቻ አሁን በጥቁራቸው ነው የሚመጡት። በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁኛል። እዚያ አገር ፀጉሯን ማን ይሠራት ነበር? ምሳዋን ትጨርስ ነበር? በረዶ ስታይ ምን አለች? የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ይሰሙና ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን ምንም ሳይጠይቁኝ፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ ከሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው ዋሉ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ መሬቱ አንዴም ሳላስብ ዋልሁ።